የመታሻ ዕቃ ከመግዛታችን በፊት



እኔም እንደ ብዙዎቻችሁ ጠዋት ኡልፓን እማራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ሚፍዓል ገብቼ ካርቶን ሳነሳና ስደረድር እውላለሁ። ማታ ስመለስ የአፉላ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ ወርጄ ሁለተኛውን አውቶቡስ እጠብቃለሁ። መጀመሪያ ሰሞን እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ መነሣት ያቅተኝ ነበር። ባቴ ይኮማተራል፣ የውስጥ እግሬ ይነዳል፣ ትከሻዬ ድንጋይ የተሸከመ ይመስለኛል።

አንድ ቀን ማታ አንድ ሻጭ እንደ ድሪል የሚንቀጠቀጥ ዕቃ ይዞ መጣና ትከሻዬ ላይ አስደገፈልኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ ይላል። ዋጋውን ብጠይቀው 350 ሸቄል አለኝ። እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ ይኸ ለቤትህ የስንት ቀን ምግብ ነው?» አሉኝ። «እማማ፣ ትከሻዬ ሊገነጠል ነው እኮ!» ብላቸው፣ ከቦርሳቸው አንድ ያረጀ የቴኒስ ኳስ አወጡ። «እኔ ኒካዮን ሠርቼ ስመለስ ጀርባዬን ግድግዳ ላይ የማሸው በዚህ ነው። የኩፓት ሆሊም ፊዚዮቴራፒስቷ ናት ያሳየችኝ» አሉኝ። አፈርኩ፤ ግን ገባኝ። ከዚያ ወዲህ ጠይቄና አንብቤ፣ በራሴም ላይ ሞክሬ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

ጡንቻ ለምን ያማል?

ያልለመድነውን ሥራ ስንሠራ፣ በተለይም ከባድ ዕቃ ቀስ አድርገን ስናወርድ ወይም ቁልቁለት ስንወርድ፣ በጡንቻ ክሮች ላይ በዓይን የማይታይ ጥቃቅን ጉዳት ይደርሳል። ሕመሙ በማግስቱ ይጀምርና ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል፤ ከዚያ በራሱ ይለቃል። ብዙ ሰው «አሲድ ተጠራቅሞ ነው፣ ሲታሽ ይወጣል» ይላል። ላክቲክ አሲድ የሚባለው ግን ሥራ ካቆምን በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ከጡንቻው ይጠፋል። ታዲያ መታሸት ምን ይጠቅማል? የሕመሙን ስሜት ያለዝባል፣ ሰውነትንም ለጥቂት ጊዜ ያፍታታል። ጥቅሙ አለ፤ ነገር ግን መጠነኛ ነው። «ተአምር ይሠራል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ያዝ አድርጉ። እንቅልፍ፣ ውሃ፣ ጥሩ ምግብና ቀስ ያለ እርምጃ ከማንኛውም ዕቃ ይበልጣሉ፤ የሚሸጣቸውም የለም።

የትኛው ዕቃ ለየትኛው ቦታ?

የቴኒስ ኳስ፦ ለውስጥ እግር፣ ለትከሻና ለመቀመጫ ጡንቻ ይሆናል። ተቀምጣችሁ ከእግራችሁ ሥር አንድ ሁለት ደቂቃ አንከባልሉት። ለጀርባ ከሆነ ግድግዳ ተደግፋችሁ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ አድርጉት እንጂ አጥንቱ ላይ አታሳርፉት። ረጅም ካልሲ ውስጥ ብትከቱትና ጫፉን ብትይዙት አይወድቅም።

የፎም ጥቅልል፦ ሯጮች መሬት ላይ አስቀምጠው እግራቸውን የሚያንከባልሉበት ነው። ለባትና ለጭን ጥሩ ነው። ስትገዙ በአውራ ጣት ጫን በሉት፤ ለጀማሪ ለስለስ ያለው ይሻላል። ጎርበጥባጣና ጠንካራው ይበልጥ የሚሠራ ይመስላል፤ ግን ሰውነት ሕመሙን ሲፈራ ጡንቻው ይበልጥ ይኮማተራል። መሬት መውረድ ለሚያስቸግራቸው ትልልቅ ሰዎች የሊጥ መዳመጫ እንጨት ይበቃል፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ባትንና ጭንን ቀስ እያሉ መዳመጥ ነው።

የሚንቀጠቀጠው የኤሌክትሪክ ዕቃ፦ እጅ አይደክምም፣ ጊዜም ይቆጥባል። ነገር ግን ከኳሱ እጅግ የተሻለ ውጤት አይሰጥም። ያለው ሰው በዝቅተኛው ፍጥነት ይጀምር፤ አንድ ቦታ ላይ ከሁለት ደቂቃ በላይ አያቆየው። አንገት፣ አጥንትና መገጣጠሚያ ላይ አይደረግም።

«ይህ የስፖርተኞች ነገር ነው» አትበሉ። እንደ እኛው ከኢትዮጵያ የመጣው ማሩ ተፈሪ በ2023 እ.ኤ.አ. በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና በማራቶን የብር ሜዳሊያ አግኝቷል። ማራቶን የሚሮጥም ሆነ ካርቶን የሚያነሳ ሰው ጡንቻው ያው ጡንቻ ነው።

የማይታሽ ሕመም

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባለፈው ዓመት አንድ ጎረቤቴ የሆኑ አባት ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ብዙ ቀን ተኝተው ነበር። ከዚያ ባታቸውን አመማቸው። እኔም አዋቂ ነኝ ብዬ ጥቅልሌን ይዤ ሄድኩ። ላሽላቸው ስል ልጃቸው፣ «ቆይ እስቲ፣ አንዱ እግር ብቻ ለምን አበጠ?» አለችኝ። በእጄ ስዳስሰው ይሞቃል። ዕቃዬን አስቀምጬ ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸው። በምርመራ ደም ሥራቸው ውስጥ የረጋ ደም ተገኘ። ሐኪሙም ማሸት ደሙን ሊነቅለውና ወደ ሳንባ ሊልከው ይችል እንደነበር ነገረን። በመድኃኒት ዳኑ። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሀገር ቤት ሳለን ወጌሻ በቅቤ ሲያሸን እጁ መሣሪያም መርማሪም ነበር። የምንገዛው ዕቃ ግን እብጠትና ትኩሳት አያውቅም፤ ማወቅ ያለብን እኛው ነን። ስለዚህ፦

አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ አትሹት፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። መጽሐፍ «ቀይ ይሆናል» ይላል፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ላይታይ ይችላል። ለብዙ ቀን የተኛ፣ በቅርቡ የወለደች፣ ከ4 ሰዓት በላይ በአውሮፕላን የተጓዘ ሰው ይበልጥ ይጠንቀቅ። በዚህ ላይ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ ወዲያውኑ 101 ደውሉ፤ ማጌን ዳቪድ አዶም ነው።

ከከባድ ሥራ በኋላ ሕመሙ በርትቶ ሽንት እንደ ቡና ከጠቆረም ሆስፒታል ሂዱ። የስኳር በሽታ ያለበትና እግሩ የደነዘዘ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡርም የሆነች ሴት ሐኪም ሳይጠይቁ ምንም ዕቃ አይጠቀሙ።

ሐኪም ቤት ስንሄድ የሚጠቅሙን የዕብራይስጥ ቃላት

ሽሪር፦ ጡንቻ
ኢሱይ፦ ማሸት
ካዱር ቴኒስ፦ የቴኒስ ኳስ
ኮኤቭ ሊ ሃጋቭ፦ ጀርባዬን ያመኛል
ሃሬጌል ሼሊ ኔፉኻ፦ እግሬ አብጧል
ካሼ ሊ ሊንሾም፦ መተንፈስ አስቸግሮኛል

እኔ ዛሬም አፉላ ጣቢያ ሁለተኛውን አውቶቡስ እጠብቃለሁ። ኪሴ ውስጥ ኳስ አለ። ጫማዬን አውልቄ ከእግሬ ሥር ሳንከባልለው አንዳንዱ ይስቅብኛል፤ አንዳንዱም «እስቲ እኔም ልሞክር» ይለኛል። ያን ጊዜ መጀመሪያ የምጠይቀው ግን፣ «እግርህ አብጧል ወይ?» ብዬ ነው። እናንተም እንዲሁ ጠይቁ።

ጤና ይስጠን፤ ለእትራኦት።