ማኅተም የያዙ ከያንያን

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን የሄዱት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ነው። ከጉዟቸው ግን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለ መጽሐፍም ተወለደ። በዚያ ዘመን ደራሲና ሹም አንድ ሰው መሆኑ አያስገርምም፤ ቤተ መንግሥት ጸሐፊ ይሻል፣ ብዕር የሚይዘው ደግሞ በቤተ ክህነት ትምህርት ያለፈ ጥቂት ሰው ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላም ልማዱ ቀጠለ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው ተውኔት ይጽፉ ነበር፤ ሐዲስ አለማየሁ የትምህርት ሚኒስትርነቱንም የለንደን አምባሳደርነቱንም አይተው በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አሳተሙ። ዛሬ ስማቸውን የምናነሣው ግን በመጽሐፋቸው እንጂ በሹመታቸው አይደለም።

እኔን ይበልጥ የሚስቡኝ በያዙት ሥልጣን ለሌላው ከያኒ ቤት የሠሩት ናቸው። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ ተምረው ከተመለሱ በኋላ፣ በ1950 ዓ.ም. ገደማ፣ አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን አቋቁመው ለረጅም ዓመታት መሩት። እሳቸው ፊትን፣ ልብስን፣ ብርሃንን ዓይን እንዳየው የሚሥሉ፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕልም የሠሩ ሰው ናቸው። ከጀርመን የተመለሰው ገብረ ክርስቶስ ደስታና ከፓሪስ የመጣው እስክንድር ቦጎስያን ግን፣ አሣሣላቸው ከዳይሬክተሩ እጅግ የራቀ ሆኖ ሳለ፣ በዚያው ግቢ አስተማሩ። ከያኒ ሲሾም የሚከብደው ይኸው ይመስለኛል፤ የጠራ ጣዕም አለውና ሁሉን በራሱ ጣዕም መለካት ይቀናዋል። አለ ከራሳቸው መንገድ የወጡትን መምህራን በቤታቸው ማኖራቸውን እኔ ከሥዕሎቻቸው እንደ አንዱ እቆጥረዋለሁ። ትምህርት ቤቱ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው ይጠራል።

ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በ1948 ዓ.ም. የተከፈተውን፣ የዛሬውን ብሔራዊ ቴአትር መርቷል። ኋላም በዩኒቨርሲቲው የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ሲመሠረት ዋናው አንቀሳቃሽ እሱ ነበር። የተውኔቶቹ ዝና ይህን ሥራውን ጋርዶበታል። ያሳዝነኛል፤ ብዙ ተዋናይና አዘጋጅ የወጣው በዚያ በር ነውና።

በሥልጣን ላይ ሆኖ መጻፍ ምን እንደሚያስከፍል የሚያሳየው ግን በዓሉ ግርማ ነው። የአዲስ ዘመን ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ነበር፤ ቀጥሎም የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ሆነ። ደርግ በኤርትራ ያካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ከውስጥ ያየው በዚህ ሥራው ነው፤ ያየውን በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» ብሎ አወጣው። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ እሱም ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። «ኦሮማይ» ግን በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር።