ዘበኛው ዕረፍት ሲያጣ

የሰው ገላ የራሱ ዘበኞች አሉት። ሊቃውንት ማክሮፋጅ የሚሏቸው ሕዋሳት ናቸው፤ ትርጓሜውም በግሪክ ቋንቋ ታላቅ በላተኛ ማለት ነው። ሩሲያዊው ሊቅ ኢልያ ሜችኒኮፍ በ1875 ዓ. ም. እንዲህ ያሉ ሕዋሳት ባዕድ ነገርን ከበው ሲውጡ መርምሮ ስለ ገለጸ በ1901 ዓ. ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ።

እነዚህ ዘበኞች ጠላትን ውጠው ይፈጩታል፤ ቍስሉም ሲሽር ጦርነቱ ያበቃል። ሊፈጩት የማይቻላቸው ነገር የገጠማቸው እንደሆነ ግን ጦርነቱ መጨረሻ ያጣል፤ መቅላቱ፥ ማበጡና መትኰሱም ሥር ይሰዳል፤ ይህም ብግነት ይባላል።

ለዚህ ነገር ምስክር ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። ካምባ ባለበት በጋሞ ደጋ፥ ከጥንት እሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘው ቀይ አፈር ላይ ገበሬው በባዶ እግሩ ሲያርስ ኖሯል። የአፈሩ ረቂቅ ትቢያ በቈዳ ይገባል፤ ማክሮፋጆችም ይውጡታል፤ ማዕድን ነውና ሊፈጩት አይችሉም። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1960ዎቹ ዓ. ም. በኢትዮጵያ ባደረገው ምርምር ይህንኑ ትቢያ በሕመምተኞች ንፍፊት ውስጥ አግኝቷል። ብግነቱም የእግርን የፈሳሽ መተላለፊያ እየዘጋ እግርን ያሳብጣል፤ ሕዝቡ ዝሆኔ የሚለው ነው።

ብግነት በካንሰርም ዘንድ ሥራ አለው። ጀርመናዊው ሊቅ ሩዶልፍ ፊርሆ በ1855 ዓ. ም. ካንሰር ሥር የሰደደ ብግነት ካለበት ስፍራ እንደሚነሣ አሳስቦ ነበር። ዛሬ እንደ ታወቀውም፥ በካንሰሩ ዙሪያ የተሰበሰቡ ማክሮፋጆች ብዙ ጊዜ ጠላትን መዋጋት ትተው አዲስ የደም ሥር እንዲበቅልለት ይረዱታል፤ ሌሎቹንም ተዋጊዎች ያግዳሉ። ለብዙ ዓመት ሳይሽር የቈየ ቍስልም አልፎ አልፎ ወደ ቈዳ ካንሰር ይለወጣል።

ስለዚህ ዝሆኔ ርግማን አይደለም፤ ከአፈር የመጣው ይህ ዐይነቱም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በዘር የሚወረስ ዝንባሌ ቢኖርም፥ ያለ አፈሩ ሕመሙ አይመጣም። ሆኖም ሕመምተኛው ከጋብቻና ከማኅበር ይርቃል፤ ከእብጠቱ ይልቅም ይህ ይጐዳዋል። መከላከያው ጫማ ነው፤ ለታመመውም እግርን በውሃና በሳሙና አጥቦ ቅባት መቀባትና በፋሻ ማሰር ብዙ ያሻሽለዋል።

ሹማምንት ውሃና ጫማ ለገበሬው እንዲደርስ ቢተጉ፥ ካህናትም ሕመምተኛውን በጉባኤ መካከል አስቀምጠው ነውር እንደሌለበት ቢያስተምሩ፥ ሁለቱም መድኃኒት ሰጡ ማለት ነው።