ከድንጋይ ሥር ስለሚሸሸግ ዓሣ

ፈረንጆች አኳሪየም በሚሉት የመስታወት ገንዳ ዓሣን በቤት ማኖር ለዓይን ደስታን፥ ለልጆችም ትምህርትን የሚሰጥ ነገር ነው። ነገር ግን ልዩ ልዩ ወገን የሆኑ ዓሦች በአንድ ገንዳ ሲኖሩ፥ አንዳንድ ጊዜ ከመካከላቸው አንዱ ክንፉን አጥፎ፥ መልኩ ደብዝዞ፥ መብሉንም ትቶ ከድንጋይ ሥር ይሸሸጋል። ባለቤቱም ይህን ባየ ጊዜ ወይ መስታወቱን በጣቱ ይመታል፥ ወይ በእንጨት ገፍቶ ያስወጣዋል፥ ወይም መብል ይጨምርለታል። ሦስቱም ዓሣውን የሚጎዱ ናቸው። የተሸሸገ ዓሣ ከአንድ ነገር የሸሸ ነውና፥ መፈለግ የሚገባው ዓሣው ሳይሆን የሸሸው ነገር ነው።

ይህንም በሚገባ ለማስተዋል ዓሣ በተፈጥሮ ስፍራው እንዴት እንደሚኖር መመልከት ይጠቅማል። የደብረ ታቦርና የፎገራ ሰው የሚያውቀው የጉማራ ወንዝ ከጉና ተራራ ወገን ተነሥቶ፥ በወንዛዬ ፍል ውሃ አጠገብ አልፎ ወደ ጣና ይገባል። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ያሉት ዓሦች ወደ ሐይቁ እንዳይወጡ ስለ ከለከለ፥ በጣና ውስጥ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ወገኖች ተለይተው ይኖራሉ፤ ሊቃውንት ላቤኦባርበስ የሚሏቸው እነዚህ ናቸው፤ አብዛኞቹም በዓለም ሌላ ስፍራ የማይገኙ ናቸው። ከእነዚህም ቢያንስ ሰባቱ ወገኖች በክረምት፥ ከሐምሌ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ፥ እንደ ጉማራ ወዳሉት ወንዞች ወጥተው፥ ጠጠር ባለበትና አየር በሞላው ፈሳሽ ውሃ ይራባሉ። እንግዲህ በወንዝ ያለ ዓሣ ውሃው ባይስማማው ወደ ሌላ ስፍራ ይሄዳል፤ በመስታወት ውስጥ ያለው ግን መሄጃ ስለሌለው ይሸሸጋል።

ዳኛ ከመፍረዱ አስቀድሞ ምስክር እንደሚሰማ፥ የዓሣ ባለቤትም ሦስት ምስክሮችን ሊጠይቅ ይገባዋል፤ እነርሱም ውሃው፥ ጎረቤቶቹና የዓሣው ጠባይ ናቸው።

ፊተኛው ምስክር ውሃው ነው። በወንዛዬ ፍሉ ውሃና የጉማራ ቀዝቃዛ ውሃ ጎን ለጎን ናቸው፤ ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው ቢሻገር የገላው ሙቀት ብዙ አይለወጥም። የዓሣ ገላ ግን ከውሃው ጋር የሚሞቅና የሚበርድ ነው፤ ስለዚህ ድንገተኛ ለውጥ ያስደነግጠዋል፥ ይገድለውማል። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ከተማ እንደ መሆኑ ሌሊቱ ብርድ ነው። ከቈላ አገር የመጡ ዓሦች ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሙቀት ይሻሉ፤ ወርቃማ ዓሣ ግን ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ይበቃዋል። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ገንዳ ማኖር አንዱን መበደል ነው። ቴርሞሜትርም ከገንዳው አይታጣ።

ከዚህም ጋር በደጋ አገር አየሩ ስስ ስለ ሆነ፥ በደብረ ታቦር ያለ ውሃ በባሕር ዳርቻ ካለው ውሃ ይልቅ ሩብ ያህል ያነሰ ኦክሲጅን ይይዛል። ዓሣው ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ሲከፍት ሲዘጋ ቢታይ አየር እንዳጠረው ማወቅ ነው፤ አየር የሚነፋ መሣሪያ ማግባት፥ የዓሦቹንም ቍጥር መቀነስ ይገባል።

ሌላው በዓይን የማይታይ መርዝ ነው። ከዓሣው እድፍና ከተረፈው መብል አሞኒያ ይወጣል። ይህንንም ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አስቀድመው ወደ ናይትራይት፥ ቀጥሎም ጕዳቱ ወዳነሰ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ነገር ግን በአዲስ ገንዳ ውስጥ እስኪበዙ ድረስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያስፈልጋል። ገንዳ በተገዛበት ቀን ዓሣ የሚሞላበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚያዝነው ስለዚህ ነው። ውሃን በሚመረምር ጠብታ አሞኒያው ወይም ናይትራይቱ ቢገኝ፥ ከውሃው ሩቡን ቀድቶ በንጹሕ ውሃ መተካት፥ መብሉንም ማሳነስ ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ያለበት ስለ ሆነ፥ አስቀድሞ በክፍት ዕቃ አንድ ቀን ሙሉ ይቀመጥ፤ ሙቀቱም ከገንዳው ጋር ይተካከል። የገንዳው ማጣሪያ በቧንቧ ውሃ አይታጠብ፤ ባክቴሪያዎቹ ይሞታሉና።

ሁለተኛው ምስክር ጎረቤቶቹ ናቸው። ውሃው ደኅና ሆኖ ሳለ ዓሣው ቢሸሸግ፥ ባለቤቱ ከገንዳው ራቅ ብሎ ጥቂት ጊዜ በጸጥታ ይመልከት። ቴላፒያ የሚባለው ቆሮሶ፥ ወንዱ ለመራባት ሲዘጋጅ በአሸዋው ላይ ጕድጓድ ቈፍሮ የቀረበውን ሁሉ ያሳድዳል። ስለዚህ ከትንንሽ ዓሦች ጋር ሊኖር አይገባውም። የተነከሰ ክንፍ ቢታይ የሚያሳድደውን መለየት ነው እንጂ የተሳደደውን ማባበል አይበቃም። በማኅበር መኖር የለመዱ ትንንሽ ዓሦች ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ሲሆኑ ይፈራሉ፤ ስድስትና ከዚያም በላይ ሲሆኑ ግን ይደፍራሉ።

ሦስተኛው ምስክር የዓሣው ጠባይ ነው። አምባዛ በሌሊት የሚንቀሳቀስ ስለ ሆነ ቀን ቢሸሸግ ሕመም አይደለም። የቆሮሶ ሴት ደግሞ ዕንቍላሎቿን በአፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች፤ በዚያም ወራት፥ እስከ ሁለት ሳምንት ያህል፥ ጕሮሮዋ አብጦ፥ መብል ትታ፥ ከጥግ ትሸሸጋለች። ይህንን ያላወቀ ሰው ታመመች ብሎ በመረብ ቢያወጣት፥ ወይ ዕንቍላሉን ትተፋዋለች ወይም ትውጠዋለች። እናት ልጆቿን ስትጠብቅ የታመመች መስሎት የሚያውካት ሰው፥ በጎ ያደረገ መስሎት ልጆቿን ያጠፋል።

መድኃኒቱም በአጭሩ ይህ ነው። ውሃው ይመርመር፤ አሳዳጁ ይለይ፤ መብራቱ ለአንድና ለሁለት ቀን ይቀነስ፤ ለእያንዳንዱም ዓሣ መሸሸጊያ እንዲሆን ድንጋይ፥ የተገለበጠ የሸክላ ዕቃ ወይም ቅጠል ይጨመር። መሸሸጊያ የበዛላቸው ዓሦች ይደበቃሉ ተብሎ ይታሰብ ይሆናል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው፤ መግቢያ ቅርብ እንዳለው የሚያውቅ ዓሣ ደፍሮ ይወጣል። ጤነኛ ዓሣ ጥቂት ቀን ባይበላ አይጎዳም፤ ስለዚህ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ነጭ ነጠብጣብ፥ ቍስል ወይም የሆድ ማበጥ ቢታይ ግን ለብቻው በሌላ ገንዳ ተለይቶ ይታከም።

ገንዳውን ለመሙላት ከጉማራ ነጭ ዓሣ ማስመጣት የሚያምረው ሰው ቢኖር ይህንን ያስብ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1986 ዓ.ም. በሞተር ጀልባ የሚሠራ የመረብ ዓሣ ማጥመድ በጣና ተጀመረ፤ ከዚያም በኋላ በ1990ዎቹ ዓመቶች የሐይቁ ነጭ ዓሣ ሦስት አራተኛ ያህል እንደ ቀነሰ የመረመሩት ሊቃውንት አስታውቀዋል። ለመራባት ወደ ወንዝ ሲወጡ በወንዙ አፍ መረብ ስለሚጠብቃቸው ከድንጋይ ሥር መሸሸጉ እንኳ አያድናቸውም። በክረምት ከጉማራ አንድ ዓሣ ማውጣት የሚመጣውን ትውልድ ማውጣት ነው። ስለዚህ በቤቱ ያለውን ዓሣ በትዕግሥት የሚጠብቅ ሰው፥ የወንዙንም ዓሣ እስኪራባ ድረስ በስፍራው ይተወው።