የተራራ የእግር መንገድ ጥገና

የተራራ የእግር መንገድ ጥገና በተራራ ላይ ያሉ የእግረኛ መንገዶችን የመሥራትና የመጠገን ሥራ ነው። በአንዳንድ አገሮች በጎ ፈቃደኞች ድንኳን ተክለው ለቀናት እዚያው እያደሩ ይሠሩታል። በአሜሪካ 3,500 ኪ.ሜ. ያህል የሚረዝመው፣ እ.ኤ.አ. በ1937 የተጠናቀቀው የአፓላቺያን መንገድ በአብዛኛው የሚጠገነው በእነርሱ ነው።

የመንገዱ ዋና ጠላት ውኃ ነው። ጎርፍ መንገዱን ተከትሎ ከወረደ ይቦረቡረዋል፤ ሰውም በቅሎም ጥለውት በጎኑ ሌላ ይከፍታሉ፣ ያም በተራው ይታጠባል። ስለዚህ ወለሉ ወደ ቁልቁለቱ በኩል በትንሹ እንዲያዘነብል ይደረጋል፤ በየርቀቱም ድንጋይ ወይም ግንድ በሰያፍ ተቀብሮ ውኃውን ወደ ጎን ያስወጣል።

ይህ ለኢትዮጵያ ገበሬ እንግዳ አይደለም። በየዓመቱ በበጋ በተፋሰስ ልማት ዘመቻ በነፃ ጉልበቱ የሚሠራው እርከንና የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ የሚከላከለው ይህንኑ ጎርፍ ነው።