በረኛውን ብቻ አንውቀስ

በዘንዘልማ ግቢ ግብርና የሚማሩ ወጣቶች ከጥናት በኋላ «ፉትቦል ማናጀር» በተባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ የኳስ አሠልጣኝ ቢሆኑ አንነቅፍም። የምንነቅፈው አጥቂ ብቻ ገዝቶ፥ ግብ ሲገባ በረኛውን መውቀስን ነው።

በጥር 2005 ዓ.ም. በአፍሪካ ዋንጫ ቡድናችን በቡርኪና ፋሶ 1 ለ 0 እየተመራ ሳለ፥ የባላጋራው በረኛ በቀይ ካርድ ወጣ። እኛ ግን የሰው ብልጫ ይዘን 3 ግብ ተጨመረብን፤ 4 ለ 0 ተሸነፍን። የቁጥር ብልጫ ያለ ሥርዓት ጀርባን አይጠብቅም።

ስለዚህ ወጣት አሠልጣኞች ሆይ፥ ተከላካዮቻችሁ ፈጣኖች ካልሆኑ ከኋላቸው ሰፊ ሜዳ እንዳይከፈት መስመራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ፤ የቀኝና የግራ ተመላላሾችን ባንድ ጊዜ አትልቀቁ፤ ከተከላካዮቹም ፊት አንድ አማካይ አቁሙ። አጥር የሌለው እርሻ የከብት ሲሳይ እንደሚሆን ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም።