የዋዜማው ዕዳ በማን ላይ ይውደቅ?

በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከጀሞ እስከ ለቡ፣ ከመካኒሳ እስከ ጎፋ ባሉት ሰፈሮች ሱቅ ከፍታችሁ፣ ወይም ሱቅ ሳትከፍቱ በቴሌግራም ብቻ የበዓል ልብስ፣ ቅመማ ቅመምና የስጦታ ዕቃ የምትሸጡ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሰሞኑን ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝ ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም ዕቃ የሚያደርስልን ድርጅት «ለመጪው በዓል ስንት ትእዛዝ እንደሚኖራችሁ ከወር በፊት አስታውቁ፤ ካስታወቃችሁት እጅግ ቢበልጥም ቢያንስም ስለ ልዩነቱ ትከፍላላችሁ» የሚል ውል ሲያቀርብልን እንፈርም ወይስ እንተው የሚል ነው። እኔም በሀገር ልብስ ንግድ የምተዳደር ስለ ሆንሁና እንዲህ ያለ ውል በእጄ ገብቶ ስላነበብሁት፣ የተረዳሁትን ያህል ሳልቆጥብ ላስረዳችሁ እወዳለሁ።

ልማዱ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 በአሜሪካ የልደት በዓል ሲደርስ፣ ዩፒኤስ የተባለው ታላቅ የዕቃ አድራሽ ኩባንያ ሕዝቡ በኢንተርኔት የገዛው ዕቃ ከገመተው በላይ ስለ በዛበት፣ ብዙ ሰው ስጦታውን ከበዓሉ በኋላ ተቀበለ፤ አማዞንም ላዘኑ ደንበኞቹ የ20 ዶላር የስጦታ ካርድ እስከ መስጠት ደረሰ። በሚቀጥለው ዓመት ኩባንያው ያው ኀፍረት እንዳይደገምበት ሲል እስከ 95,000 የሚደርሱ ጊዜያዊ ሠራተኞች ለመቅጠር ተነሣ፤ ነገር ግን ዕቃው በተጠበቀበት ቀን በተጠበቀው ልክ ስላልመጣ፣ ሥራ ፈትቶ የዋለው ሰውና መኪና ከዕቅዱ ውጭ ወደ 200 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ወጪ አስከተለበት። አንዱን ዓመት በማነስ፣ ሁለተኛውን ዓመት በመብዛት የተጎዳው ይህ ድርጅት፣ ጥፋቱ የእኔ ብቻ ሳይሆን ግምቱን የነገረኝ ነጋዴም ነው ብሎ ማሰብ መጀመሩ አያስደንቅም። በ2017 በበዓል ሰሞን ወደ መኖሪያ ቤት በሚሄደው በእያንዳንዱ ተራ እሽግ ላይ 27 ሳንቲም ጨመረ፤ ተፎካካሪው ፌዴክስ ግን በዚያ ዓመት ግዙፍና አስቸጋሪ ከሆነው ዕቃ በቀር በመኖሪያ ቤት እሽግ ላይ አልጨምርም አለ። በ2020 ወረርሽኙ ሰውን ሁሉ ከቤት ሲያውለው ደግሞ፣ ከየካቲት ወር ልካቸው እጅግ አብልጠው በሚልኩ ታላላቅ ነጋዴዎች ላይ የተለየ ክፍያ ተጣለባቸው። እነሆ ይህ አሳብ ነው ዛሬ በትንሹ ተመትሮ እስከ ላፍቶ የደረሰው።

አሳቡ በራሱ ርትዕ የሌለው ነው ብዬ አልከራከርም። ለሠርጉ ድንኳንና ወንበር የተከራየ ሰው፣ እድምተኛው ቢቀርበትም ኪራዩን ይከፍላል እንጂ አከራዩን «ባዶውን ስለ ዋለ ተውልኝ» ብሎ አይሞግትም። በተለይም በአዲስ አበባ፣ ከ2011 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ለሥራ ተመዝግቦ ፈቃድ ከተሰጠው በቀር ሞተር ብስክሌት በከተማይቱ እንዳይንቀሳቀስ ስለ ተከለከለ፣ አድራሹ ድርጅት በዋዜማው ዕለት ትእዛዝ ሲበዛበት ከዘመድ ከወዳጅ ሞተር ተውሶ የሚወጣበት መንገድ የለውም፤ የሚመጣበትን የትእዛዝ ቍጥር አስቀድሞ ማወቅ፣ አስቀድሞም ማዘጋጀት ግዴታው ነው።

ዳሩ ግን የእኛ በዓልና የእኛ ገበያ ከዚያ ማዶ ሰዎች ገበያ የሚለይበት ምክንያት አለ፤ ውሉን የሚያረቅቁት ሰዎችም ይህን የመረመሩት አይመስለኝም። ቀኑን በተመለከተ ከእኛ የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ አበውም በባሕረ ሐሳብ ቀመር፣ በአበቅቴና በመጥቅዕ አስልተው፣ ትንሣኤ ከመጋቢት 26 ቀን በፊት እንደማይውልና ከሚያዝያ 30 ቀን እንደማያልፍ ወስነውልናል፤ የልደት በዓልም ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 28 ቀን እንደሚሆን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። የማይታወቀው በዚያ ቀን ዋዜማ ስንት ሰው ይገዛል የሚለው ነው። ለምን ቢሉ፣ ደመወዝተኛው ገንዘብ የሚያገኘው በወሩ መጨረሻ ነውና፤ ልደት ዘወትር በዚያ ሰሞን ሲውል፣ ትንሣኤ ግን በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ 27፣ በ2017 ሚያዝያ 12፣ በ2018 ሚያዝያ 4 ቀን ይውላል። ስለዚህ አንዱ ዓመት በዓሉ ደመወዝ በሚጠበቅበት ሰዓት፣ ሌላው ዓመት ኪሱ በሳሳበት በወሩ አጋማሽ፣ ሦስተኛው ደግሞ ደመወዙ ገና ተከፍሎ ሳያልቅ ይደርሳል ማለት ነው። የአምናውን የሽያጭ መዝገብ ገልጦ «ዘንድሮም ይህን ያህል ነው» ብሎ የሚፈርም ነጋዴ፣ በዓሉን እንጂ የገዢውን ኪስ አልቈጠረም። የዘመን መለወጫ ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ የነሐሴ ደመወዝ ደመወዝ በሌላት በጳጉሜን ውስጥ አልፎ፣ ለልጆች ትምህርት ቤት ክፍያና ለደብተር ተከፋፍሎ፣ የተረፈው ነው ለልብስ የሚደርሰው።

ጾሙም ሌላ ነገር ያመጣል። ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ ጾመ ነቢያትን፣ ወይም የዐቢይ ጾምን 55 ቀን የጾመ ምእመን ቅቤውንና ዕንቁላሉን አስቀድሞ ገዝቶ አያከማችም፤ ስለዚህ የምግብ ሻጭ ትእዛዝ በመጨረሻዎቹ ሁለትና ሦስት ቀኖች ተጨናንቆ ይመጣል። በእነዚያው ቀኖች ደግሞ በቄራ በኩል ከብት፣ በኃይሌ ጋርመንት በኩል ወደ አትክልትና ፍራፍሬው ገበያ የሚጎርፈው መኪና መንገዱን ይዘጋዋል። በልብስ በኩልማ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የተባለው ለእኛ የንግድ ሕግ ነው፤ ቀሚሱ ጥር 12 ቀን ቢደርስ ገዢዋ አትቀበለውም፣ ኪሳራውም የእኔ ነው። እኔ እንግዲህ ትእዛዝ ያልበዛልኝ እንደ ሆነ ለአድራሹ ልዩነቱን እከፍላለሁ፤ አድራሹ ያዘገየብኝ እንደ ሆነ ግን ያነበብሁት ውል አንዲት ቃል አይናገርም። የምቃወመው ይህን ነው።

ሕጉን እንመልከት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ በሕግ መሠረት የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ የሚጸና መሆኑን ከደነገገ በኋላ፣ በአንቀጽ 1889ና በሚከተሉት ተዋዋዮች ግዴታውን ያልፈጸመ ወገን የሚከፍለውን መቀጫ አስቀድመው መወሰን እንዲችሉ ይፈቅዳል። ልብ በሉ፤ በአንቀጽ 1892 መሠረት ይህ መቀጫ የሚከፈለው ሌላው ወገን አንዳች ጉዳት ባይደርስበትም ጭምር ነው። ስለዚህ ከፈረማችሁ በኋላ «ሞተሮቻችሁ እኮ በዚያ ቀን የሌላ ነጋዴ ዕቃ ሲያመላልሱ ዋሉ፣ ምን ከሰራችሁ?» ብላችሁ ብትሟገቱ ክርክራችሁ ብዙ አያራምዳችሁም። ይህን ሳያውቁ የሚፈርሙ ብዙዎች መሆናቸው ያሳዝነኛል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን በውሉ ላይ ስሙ ያልተጻፈው ሦስተኛው ሰው፣ ሞተረኛው ነው። ብዙዎቹ የሚከፈላቸው ባደረሱት ዕቃ ልክ ነው፤ ትንበያው ቢያንስ ቆሞ የዋለበት ሰዓት ዋጋ የለውም፤ ቢበልጥ ደግሞ ከሐና ማርያም እስከ ሳሪስ በዋዜማው ሌሊት ሲሮጥ ያመሻል፤ የቤት ቍጥር በማይጠየቅበት ሰፈርም ስልኩን የማያነሣ ገዢ ደጅ ላይ ይጠብቃል። ነጋዴው ስለ ተሳሳተው ግምት የሚከፍለው ገንዘብ ሠራተኛውና ማሽኑ ሥራ ፈትቶ ስለ ዋለ ነው ከተባለ፣ ሥራ ፈትቶ የዋለው ሰው ከዚያ ገንዘብ ድርሻ ሊኖረው በተገባ ነበር። አድራሹ ድርጅት ይህን ካላደረገ፣ የተቀበለው የጉዳት ካሣ ሳይሆን ትርፍ ነው።

እኔ ለቀረበልኝ ውል የመለስሁት መልስ ይህ ነው። ትንበያው ከወር በፊት ይሰጥ፣ ነገር ግን ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ፣ ከበዓሉ አስቀድሞ አንድ ጊዜ ያለ ቅጣት ይታረም፤ ነጋዴው በሚቀጣበት አንቀጽ ውስጥ አድራሹም ከዋዜማው ላዘገየው ዕቃ በዚያው ልክ ይቀጣ፤ ለቆመ ሞተረኛ የሚከፈለው በግልጽ ይጻፍ። እስካሁን መልስ አልመጣልኝም፤ ሳይመጣም አልፈርምም። እናንተም እንዲህ ያለ ውል የደረሳችሁ ሁሉ፣ ለየብቻችሁ ከመፈረማችሁ በፊት የየበዓሉን ሽያጫችሁን በቀን በቀን ለይታችሁ ጻፉ፣ ውሉንም ስማችሁን ሸፍናችሁ በዚህ ቻናል ላኩልኝና በአንድነት እንምከርበት።