የፎቶግራፍን ምጣኔ ስለ መለወጥና መልክን ስለ መጠበቅ

ፎቶግራፍ በመታወቂያችን፥ በሳሎናችን ግድግዳና በመሥሪያ ቤታችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሁልጊዜ አብሮን የሚኖር ነገር ነው። ስለ አነሣሡ ብዙ ጊዜ ተነግሯል። ዛሬ የምንነጋገረው ግን ሥዕሉ ከተነሣ በኋላ፥ ከአንድ ክፈፍ ወደ ሌላ ክፈፍ ሲዛወር በመልክ ላይ ስለሚደርሰው ጉዳትና ጉዳቱን ስለ መከላከያው መንገድ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንጀምር። ደብረ ታቦር ተወልዶ ያደገ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለአባቱ የሙት ዓመት መታሰቢያ የሚሆን ፎቶግራፍ ማሳደግ ፈለገ። በእጁ የነበረው ወርዱ 15፥ ቁመቱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ሥዕል ብቻ ነው። በሥዕሉ ላይ አባቱ ጋቢያቸውን ተከናንበው፥ ምርኩዛቸውን ይዘው በስተ ቀኝ ቆመዋል፤ በስተ ግራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ከሩቅ ይታያል። የተገዛው ክፈፍ ወርዱ 30፥ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር ነበረ። አታሚው ሥዕሉን በክፈፉ ልክ ስቦ ሞላውና አስረከበ። እናቲቱ ባዩት ጊዜ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ «አባትህ እንዲህ ከስተው አያውቁም፤ ማን ነው ያከሳቸው?» አሉ።

ያከሳቸው ሒሳብ ነው። ወርዱ ከ15 ወደ 30 ሲያድግ በ2 ተባዛ፤ ቁመቱ ግን ከ10 ወደ 40 ሲያድግ በ4 ተባዛ። ስለዚህ ሰውየው ከቁመታቸው ጋር ሲነጻጸር ውፍረታቸው በግማሽ ቀነሰ፤ ጉናም እንደ ሾጣጣ ምሰሶ ሆነ። እንግዲህ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፤ ወርድና ቁመት በአንድ ቍጥር ካልተባዙ ወይም በአንድ ቍጥር ካልተካፈሉ በቀር መልክ ሳይጣመም አይቀርም።

ወርድ ለቁመት ያለው ልክ ምጣኔ ይባላል። በብዙዎቻችን ቤት የሚገኘው የድሮ ፎቶግራፍ የተነሣበት ፊልም 36 በ24 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ ምጣኔው 3 ለ 2 ነው። የዛሬው የእጅ ስልክ አብዛኛውን ጊዜ 4 ለ 3 ያነሣል፤ የዘመኑ ቴሌቪዥን ደግሞ 16 ለ 9 ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የመስኮቱ ምጣኔ 4 ለ 3 ነበረ። የዚያን ዘመን ፊልም በአዲሱ ሰፊ መስኮት ላይ ያለ ጥንቃቄ ሲዘረጉት በውስጡ ያሉት ሰዎች ሁሉ በሲሶ ወፍረው የሚታዩት ስለዚህ ነው።

ሥዕል መጣመሙን ለማወቅ ክብ ነገር መፈለግ ይበጃል። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ተሠርቶ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ የደረሰው የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ፥ ሴባስቶፖል፥ አፉ ክብ ነው። ከፊት ለፊት ተነሥቶ አፉ እንደ እንቍላል ሞላላ ሆኖ ከታየ ጥፋቱ የመድፉ ሠሪዎች ሳይሆን የሥዕሉ አዘጋጅ ነው። የሰዓት ፊት፥ የመኪና ጎማ፥ ወይም የቡና ስኒ አፍም እንዲሁ ይመሰክራል።

መድኃኒቱስ ምንድር ነው? ፊተኛው መንገድ መከርከም ነው። ከባልደረባዬ ሥዕል ላይ ቁመቱን 10 ሳንቲ ሜትር እንዳለ ትተን ከወርዱ 7 ከግማሽ ብቻ ብናስቀር፥ ሁለቱም በ4 ተባዝተው 30 በ40 ይሆናሉ። አባትዬው በትክክለኛ ቁመናቸው ይቆማሉ፤ ጉና ግን ከሥዕሉ ይወጣል።

ሲከረከም ማስተዋል ያስፈልጋል። ነሐሴ 13 ቀን፥ በደብረ ታቦር በዓል፥ ጅራፍ የሚያጮኽ ልጅ አነሣን እንበል። ጅራፉ በሚወረወርበት በኩል ቦታ ካልተውን የልጁ ጕልበት ከክፈፉ ጋር ተጋጭቶ የቀረ ይመስላል። እንዲሁም ሰው በሚመለከትበት አቅጣጫ ክፍት ቦታ መተው፥ አካልንም በአንጓው፥ ማለት በእጅ አንጓ፥ በጕልበት ወይም በቍርጭምጭሚት ላይ አለመቍረጥ መልካም ነው።

ሁለተኛው መንገድ ኅዳግ መጨመር ነው። ሥዕሉን በሙሉ በ2 ብናበዛው 30 በ20 ይሆናል፤ ከክፈፉ ቁመት የሚተርፈውን 20 ሳንቲ ሜትር ከላይና ከታች በነጭ ወይም በደብዛዛ ቀለም እንሞላዋለን። እንዲህ ሲሆን ከሥዕሉ ምንም አይጎድልም።

ሦስተኛው የኮምፒዩተር ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ሻይ አቪዳንና አሪኤል ሻሚር የተባሉ ሊቃውንት ባሳተሙት ጥናት እንደ ገለጹት፥ ኮምፒዩተሩ ከሥዕሉ ላይ ብዙ ለውጥ የማይታይባቸውን ስፍራዎች፥ እንደ ሰማይና እንደ ሜዳ ያሉትን፥ ይፈልጋል። ከዚያም በእነርሱ መካከል የሚያልፈውን ቀጭን የነቍጥ መስመር አንድ በአንድ እያወጣ ሥዕሉን ያጠብበዋል። ሰውየውን «አትንካ» ብለን ምልክት ካደረግንበት ሰውየው እንዳለ ይቀራል። ነገር ግን ስፍራው በሰው የተጨናነቀ እንደ ሆነ፥ ወይም ቀጥ ያለ የቤት ግድግዳ ያለበት እንደ ሆነ መስመሩ ይጎብጣል።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ የጎደለውን ቦታ ራሱ ፈጥሮ የሚሞላ መሣሪያ መጥቷል። ይህ ለማስታወቂያ ወረቀት ይጠቅም ይሆናል። ለመታሰቢያና ለማስረጃ ግን አይገባም፤ በጉና ላይ ያልነበረ ጫፍ፥ በአባት አጠገብ ያልበቀለ ዛፍ ጨምሮ ለልጅ ልጅ እውነት አስመስሎ ያወርሳልና።

በመሥሪያ ቤት ጽሑፍ የምናዘጋጅም ሁሉ አንዲት ልማድ እንያዝ። ሥዕሉን በገጹ ላይ ስናሳድግ ወይም ስናሳንስ በማዕዘኑ እንሳበው እንጂ በጎኑ አንሳበው። ለመታወቂያ 3 በ4 የሚሆን ሥዕል ስንፈልግም፥ ወርዱ 10 ቁመቱ 15 ከሆነው ላይ ከቁመቱ 1 ነጥብ 7 ሳንቲ ሜትር ያህል መከርከም ይበቃል፤ ፊትን መጨፍለቅ አያስፈልግም። የዘበኛው ዓይን የሚያመሳክረው ፊታችንን ከሥዕላችን ጋር ነውና፥ የተጨፈለቀ ፊት ባለቤቱን በበር ላይ ያስቆመዋል።

ባልደረባዬ ሁለቱን መንገዶች ለእናቱ አሳያቸው። እሳቸውም፥ «ጉናን አትቍረጥባቸው፤ ሲያዩት ነው የኖሩት» ስላሉ ኅዳግ ያለው ተመረጠ። ከታች በቀረው ነጭ ስፍራ ላይ የአባቱ ስም፥ የተወለዱበትና ያረፉበት ዘመን ተጻፈበት። ባዶ ይሆናል ተብሎ የተፈራው ቦታ እንዲህ ሥራ አገኘ።

እንግዲህ ክፈፍ ቢጠብ ሌላ ክፈፍ ይገዛል፤ ወረቀት ቢተርፍ ይከረከማል። የሰው መልክ ግን የራሱ ልክ ስላለው ከዚያ አንቀንስለትም፥ አንጨምርለትምም።